ለባየሽ፦ ስለ ቀዩ የጥላ መረብ

ልጄ ባየሽ፣ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። አምና ቲማቲሙን ያበላሸው አንቺ የላክሽው ቀይ መረብ አይደለም። ቀዩን መረብ ጨርሶ አልዘረጋሁትም ነበር።

ይህን ካልሁ በኋላ ለሰላምታው ልድረስ። እንዴት ከርመሻል? ከአበባው እርሻ የያዘሽ የእጅ ማሳከክ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ደረበስ ጤናው እንዴት ነው? ልጅሽ መሠረት ጥርስ አወጣች ወይ? እኔና እናትሽ ደኅና ነን። ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው፤ ከቀትር በኋላ የበሩን ብረት በባዶ እጅ መንካት አይቻልም።

መረቡን ስትልኪ «አባባ፣ አንድ እጥፍ ብቻ፣ ከግሪንሃውሱ ፕላስቲክ በላይ ከፍ አድርገው ይዘርጉት» ብለሽ ነበር። እኔ ግን ቀይ ነገር ሙቀት ይጨምራል ብዬ ጠቅልዬ ከአልጋ ሥር አኖርሁት። በምትኩ ከገበያ ጥቁር መረብ ገዝቼ ሁለት እጥፍ አድርጌ በግሪንሃውሱ ላይ ጣልሁበት። ለሰሊጥ አጫጆች ማረፊያ ዳስ፣ ራኩባ፣ ስንሠራ ጥላው እንዲወፍር ሣር የምንደራርበውን ዓይነት መሆኑ ነው። እናትሽ ሀብትነሽ «አንተ ሰውዬ፣ ቲማቲሙን ልታስተኛው ነው እንዴ?» ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ችግኙ ብርሃን ፍለጋ እንደ ሸምበቆ ረዘመ፤ አበባው ረገፈ፤ የያዘው ጥቂት ፍሬም ገርጥቶ ውኃ ውኃ አለ።

ያን ጊዜ «ቲማቲሙ ከመረብ ሥር ተበላሸ» ብዬ ብቻ ጻፍሁልሽ። አንቺም ጥፋቱን ወደ ራስሽ ወስደሽ፣ ወደ አገርሽ ተመልሰሽ አትክልት የማልማት ሐሳብሽን እንደተውሽው መለስሽልኝ። ማረም ነበረብኝ፤ አፈርሁና ዝም አልሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የተማሪ ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ኖሬ የራሴን ማረም አቃተኝ።

ዘንድሮ አራት መደብ ለየሁ። አንዱን ያለ መረብ ተውሁት፤ በሌሎቹ ላይ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ፣ ሁሉንም በአንድ እጥፍ ዘረጋሁ። ዘሩ አንድ፣ ውኃው እኩል፣ በየመደቡ አሥራ ሁለት ችግኝ። መረብ ያልለበሰው ፍሬ ትከሻው በፀሐይ ተቃጥሎ ነጣ። ከጥቁሩ ሥር ያለው ከቃጠሎ ተረፈ፣ ግን ዘግይቶ ቀላ፣ ፍሬውም አነስተኛ ነበር። ነጩ ደኅና ነው። ከቀዩ ሥር የለቀምሁት ግን መልኩ እኩል የቀላ፣ ሲይዙት ጠንካራ፣ በቅርጫት ዘጠኝ ቀን ቆይቶም ያልለሰለሰ ሆነ፤ መረብ ያልነበረው በአራት ቀን ፈርጧል። በየመደቡ ዳር ለተከልሁት ቃሪያ ግን ቀዩ ከነጩ የተለየ ጥቅም አላየሁበትም። የአንድ ወቅትና የአንድ ግቢ ሙከራ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ከቀዩ መደብ የለቀምሁትን በገበያው ዳር አትክልት ለምትሸጠው ለዘሀቢያ ወሰድሁላት። አገላብጣ አየችና «መምህር፣ የአምናው የበሽተኛ ፊት ይመስል ነበር፤ ይኼን ማን አስተማረዎ?» አለችኝ። ልጄ ናት አልኋት። «ታዲያ እሷን ምን አስቀራት?» አለች። እኔ ነኝ ማለት ሲገባኝ ቅርጫቴን አንሥቼ ሄድሁ፤ ለእሷ ያልነገርኋትን ነው ለአንቺ የምጽፈው።

ባየሽ፣ በሐምሌ በዚያው በአበባው እርሻ ለሁለት ዓመት ሥራ ልትፈርሚ እንደሆነ ነግረሽናል። ፈርሚ ወይም አትፈርሚ አልልሽም፤ ብቻ በእኔ ዝምታ ላይ ተመሥርተሽ እንዳትፈርሚ። ከደረበ ጋር ተማከሩበት። መሬቱ አለ፣ ውኃው አለ፣ የሚሰማሽ አባትም አሁን አለ። እናትሽ «ጥፋትህን ጻፍላት እንጂ አትለምናት» ብላኛለች፤ እኔ ግን መለመኔ አልቀረም።

ደረበን እጅ ንሺልኝ። መሠረትን ግንባሯን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽ ስርጉት በታመምሽ ጊዜ ላደረገችልሽ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ በያት። እናትሽ ሁላችሁንም በናፍቆት ስማችኋለች።

ዘር የምናፈላው በመስከረም ነው፤ አንቺ የምትፈርሚው ግን ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ሳምንት፣ ተቆጥተሽም ቢሆን፣ ቁርጡን ጻፊልኝ።

አባትሽ ቢያድግልኝ
መተማ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.