የሐምሌ ሚካኤል በራይ ከተማ

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ተራዬን ቀሙኝ። ደብተሬ፣ መጀመሪያ ይኸን ያዝልኝ።

የሐምሌ ሚካኤልን ማኅበር የምደግሰው እኔ ነበርሁ። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ተከለ ተነሣ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ተራ መዳቢው ነው፤ ከአሰብ ወደብ ጀምሮ ጓደኛዬ። በሰው ሁሉ ፊት፣ ዘንድሮ ጽዋውን እዚሁ እንግሊዝ አገር ራይ የምትባል ከተማ ሄደን እንጠጣለን አለ። ሽርሽር። ምክንያቱን አጠገቡ ላለው ሰው ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። ሚስቱ አስካለ ካረፈች ወዲህ አያሌው ብቻውን ነው፣ አናስቸግረው።

ተቸገርሁ ያለው ማን ነው?

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ዝናብ። ሽሮ ሠራሁ። ጨው በዛበት። በላሁት።

ልጄ ሂሩት ከሰፈሯ ከብሪክስተን ደወለች። ለሽርሽሩ አስመዝግባኛለች። አልሄድም አልኋት። አባዬ፣ አኩርፈው ቤት ቢቀመጡ የሚያዝንልዎት ይበዛል አለች። የእናቷ አነጋገር። ዘጋሁባት።

ራይን መጽሐፍ ላይ ፈለግሁ። ድሮ የባሕር ወደብ ነበረች ይላል። ባሕሩ ሸሽቷት ቀረች። እሄዳለሁ። ለተከለ ብዬ አይደለም።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ፣ ምሽት

ተመለስሁ። እግሬ አብጧል።

ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥሁ፤ ከተከለ ጋር እንዳንተያይ። ከተማዋ ትንሽ ናት። ኮረብታ ላይ። መንገዱ ድቡልቡል ድንጋይ፣ ቤቶቹ እንደ ሽማግሌ ጎበጥ ያሉ። የድሮው የጭነት መጋዘን ዛሬ አሮጌ ስኒና ወንበር ይሸጥበታል። መርከብ ይቆምበት በነበረው ሜዳ በግ ይግጣል። የቀረው ወንዝ ነው፤ ውኃው ጎድሎ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተጋድመዋል።

የጭቃው ሽታ አሰብ ወሰደኝ። ክሬኑ ላይ ነኝ። ከታች ተከለ ጭነት ይቆጣጠራል። ማታ ከሙቀቱ የተነሣ አልጋ ደጅ አውጥተን፣ አስካለ አንሶላውን ውኃ ነክራ ታለብሰኛለች። ሳይነጋ ይደርቃል። የመርከብ ጡሩንባ ይቀሰቅሰናል። ያ ሁሉ የት ሄደ?

ተከለ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ጀልባዎቹን አያቸው።

«እነዚህንም ወደብ አልባ አደረጓቸው» አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። በራሴ ተናደድሁ። እሱ ግን ቀጠለ።

«ድሮም ስታኮርፍ ጭነቱን አየር ላይ አንጠልጥለህ ትተወን ነበር። ይኸኛውን መቼ ነው የምታወርደው?»

ተራዬን መልስ አልሁት። ያን ጊዜ ነገረኝ። ባለፈው፣ ተራዬ ደርሶ ስደግስ፣ ዳቦውን ከምድጃ ሳወጣ እጄ ተቃጥሎ ነበር። በፎጣ ሸፍኜ አስተናገድሁ። ማንም አላየም ብዬ ነበር። እሱ አይቷል። ዳግመኛ ማየት አልቻልሁም አለ።

ካየህ ተነሥተህ ዳቦውን አታወጣልኝም ነበር? ብቻውን ነው ካልህ ትመጣለህ እንጂ ተራዬን ትዘላለህ? አልሁት።

ወንዙ ዳር ሣር ላይ ቄሱ ጸሎት አደረሱ። አንዲት እንግሊዛዊት ከነውሻዋ ቆማ እስኪያበቃ ጠበቀች። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። የነሐሴን ማን ይወስዳል ተባለ። ተራው የሌላ ነው። አውቃለሁ። እጄን ዘረጋሁ። ባለተራዋ ብርሃኔ፣ ይውሰዱ ጋሼ፣ እኔ መስከረም አለልኝ አለች። ተከለ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ቶተንሃም እስካለው ቤቴ ድረስ ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ጽዋው አስካለ ታስቀምጥበት የነበረው መደርደሪያ ላይ ነው።

ተከለ ደወለ። በዋዜማው መጥቼ አቦካለሁ አለ። አያውቅበትም። እኔም አላውቅበትም። ወፍራም ጓንት ይዘህ ና አልሁት። ይቅርታ ሊል ሲጀምር ስልኩን ዘጋሁት።

ቀምተውኛል፤ ያልሁትን አላጥፍም። ከእንግዲህ ግን ነገሩ ከአፌ አይወጣም። ሂሩት ብትጠይቅ፣ ተከለ ራሱ ቢያነሣው፣ አልመልስም። ለአንተም፣ ደብተሬ፣ የመጨረሻው ይኸው ነው።