ድምፅህን አስጠፋሁት

አባዬ፣

እንዴት ነህ አልልህም፤ ሞኝ አይደለሁም። አርባህ ከወጣ በኋላ የበልግ ዝናብ መጥቶ ሄደ፣ እኛም አለን። እማዬ አልጋህን ወደ ግድግዳው አስጠግታዋለች፤ ቤቱ ሰፍቶ ያስጠላል። ጎሚስታውን እኔ ይዤዋለሁ። ሲቀላ መናኸሪያ አጠገብ ሴት ልጅ ጎማ ስትፈታ ማየት ለሰዉ ሲኒማ ሆኗል። ትናንት አንድ የባጃጅ ሹፌር «እህት፣ ወንድ የለም እንዴ?» ሲለኝ፣ «አለ፣ ጎማ መፍታት አቅቶት እኔ ጋ መጥቶ ቆሟል» አልኩት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ዞር ስል የምነግረው ሰው የለም። እንዲህ ያለውን አንተ ነበርክ የምትወደው።

ትምህርቱን አልተመለስኩበትም። ከፈለግክ ተቆጣ።

የምጽፍልህ ስለ ናቲ መነፅር ነው። የአክስቴ ልጅ ናቲ፣ ታመህ ሳለ ከአዲስ አበባ መጥቶ እኛ ጋ የሰነበተው። መነፅሩ የሚያየውንና የሚሰማውን ሁሉ ይቀዳል፤ በኋላ ስትጠይቀው ራሱ ፈልጎ በስልኩ ያመጣልሃል። አንተ ገና ስታየው ነው የጠላኸው። ናቲ ሲገባ ጋቢህን እስከ አፍንጫህ ስበህ በእጅህ ብቻ ታወራ ነበር። ፎቶም አትወድም። ያለን የመታወቂያህ ፎቶ ነው፣ እሱም ከአንሺው ጋር የተጣላህ ይመስላል።

ባለፈው ሳምንት ናቲ ጎሚስታው ድረስ መጣና «የአጎቴን ድምፅ ላሰማሽ?» አለኝ። የያዝኩትን ጎማ ለቀቅኩት። ድምፅህ እየጠፋብኝ ነዋ! ሳልህ ይመጣልኛል፣ ስሜን ስትጠራ ግን አልመጣ ይለኛል። «ቶሎ በላ!» ብዬ ጮህኩበት።

ከፈተው። እያለቀስክ ነበር።

ናቲ ይሄ የተቀዳ ቀን መነፅሩን መድኃኒትህ ያለበት መስኮት ላይ ረስቶት ወጥቷል። ምስሉ ጣሪያው ብቻ ነው። እማዬ ገላህን ስታጥብህ ይሰማል። «ልጄ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ» አልካት። ከዚያ ስሜን ጠራህ።

ያኔ ነው የገባኝ። ከሥራ ስመለስ ከበር ላይ «ቤቶች!» ብዬ እጮህ ነበር አይደል? በሽተኛ ያለበት ቤት ማንም ዘው ብሎ አይገባም። እስክገባ ድረስ አንተ ተነስተህ፣ ጋቢህን አስተካክለህ፣ ትራስ ተደግፈህ «ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ተጣላሽ?» ትለኝ ነበር። እኔ እየተሻለህ መስሎኝ ለሰው ሁሉ «አባቴ ድኗል» እል ነበር። የምትፈልገው ያቺን ታህል ጊዜ ነበር። መነፅሩ ግን «ቤቶች!» አላለም።

ናቲ «ቀጣዩን ስሚው፣ ስላንቺ ነው የሚያወራው» አለኝ። ከዚህ ሌላ ያንተ ድምፅ የለውም፤ እሱ ባለበት መች አውርተህ! አልዋሽህም አባዬ፣ በጣም ፈልጌ ነበር። ስሜን አንዴ ብትደግምልኝ ብዬ።

«አጥፋው» አልኩት።

«አብደሻል? ኋላ ይቆጭሻል!»

የጎማ መፍቻውን ብረት አነሳሁ። ለእሱ አይደለም፣ ለመነፅሩ ነው። «ኧረ በማርያም!» ብሎ ዓይኔ እያየ አጠፋው። መነፅሩን የሠሩት ሰዎች ጋ ኮፒ ቀርቶ እንደሆነ ስጠይቀው ግን «እኔ እንጃ» አለ። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። የማላውቀው አገር ያለ ማሽን ያንተን ለቅሶ ይዞ ተቀምጦ ይሆናል፣ እኔ ልጅህ ግን የለኝም። የማንን በር ሄጄ ልደብድብ?

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። «ከዚያ በኋላ ያለውን ልንገርሽ?» አለችኝ።

«ንገሪያት ብሎሽ ነበር?»

«አላለኝም።»

«እንግዲያው ተይው» አልኳት። ፊታችንን አዙረን፣ እሷም ለብቻዋ እኔም ለብቻዬ አለቀስን።

ጎሚስታው ጭር ሲል ድምፅህን ለማስታወስ እሞክራለሁ። አንዳንዴ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የኮምፕሬሰሩ ጩኸት ነው። ድምፅህ ቢጠፋ እንኳ አንተን አልረሳህም። እኔ የምይዘው ትራስ ተደግፈህ የተቀመጥከውን ነው፤ ስቃይህን ችለህ ለእኔ ብለህ የተነሳኸውን። ለልጆቼም እሱን ነው የምነግራቸው፣ የሚችለኝ ባል ከተገኘ። ለቅሶህን ግን ይኸው ለአንተ አንዴ ነገርኩህ። ከዛሬ በኋላ ማንም ቢጠይቀኝ፣ አንተም ብትጠይቀኝ፣ አልሰማሁም።