ባንድ እጅ የሚያዝ ፍሬን

ጥቅምት 4
ጠዋት የብስክሌቴን ጎማ ነፋሁ፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባሁ፣ አማቼን ልጠራ ሄድኩ። የባለቤቴን ወንድም። እንደ ሁልጊዜው ኮረብታውን ወጥተን ልንወርድ። በነጠላ ጫማ በሩን ከፈተ።
«ዛሬም አልነዳም። ብስክሌቱን ልሸጠው ነው። ገዢው በወሩ መጨረሻ ይወስደዋል።»
ከታመመ ወዲህ ግራ እጁ ጉልበት የለውም። መሪው ላይ ማሳረፉን ያሳርፈዋል፣ ፍሬን መጨበጥ ግን አልሆነለትም።
«ሰበብ ነው» አልኩት። «ዳገቱ ላይ ስለምቀድምህ ነው።»
አልሳቀም። አልተሳደበምም። ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ስንበሻሸቅ ኖረን፣ እሱ መልስ ያጣበት ቀን ትዝ አይለኝም... ይሄ ነው ያስፈራኝ።

ጥቅምት 5
ሰው ሁለት ፍሬን ባንድ እጅ መያዝ አይችልም? ማነው አይቻልም ያለው?

ጥቅምት 7
ሞከርኩት። ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ የሰፈሩን ቁልቁለት ወረድኩ። የቀኙ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ጎማ ብቻ ነው። ጎማው ቆመ፣ እኔ አልቆምኩም... ተንሸራትቼ የጎረቤታችን ልብስ ማስጫ ውስጥ ገባሁ። አንሶላ ተከናንቤ ስወጣ፣
«ምን ሆነው ነው?» አለችኝ።
«ምርምር ላይ ነኝ።»
«እንግዲያው ምርምሩ አንሶላዬን ይጠብልኝ።»
አጠብኩ።

ጥቅምት 10
ብስክሌት ሠሪው ጋ። ለራሴ ነው አልኩት። ለአማቼ መሆኑ ቢሰማ፣ ያ ኩሩ ሰውዬ ዓይኔን ዳግም አያይም።
ሳቀብኝ። አገጩን አከከ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ካርቶን ጎተተ። ለካ ለባለ ሦስት እግሩ ዕቃ መጫኛ ብስክሌት የሚሆን መጨበጫ አለ! አንዱን ስትጨብጠው ሁለት ሽቦ አንድ ላይ ይስባል። ይሄን ሁሉ ዘመን ስነዳ የት ነበርኩ?
«የእርስዎ ፍሬን ግን በዘይት የሚሠራ ነው፣ አባባ። ለዚህ አይሆንም። በሽቦ የሚሳብ ልግጠምልዎት።»
«ሁለቱም እኩል ቢይዙስ? በግንባሬ ልተከል?»
«የኋላው ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲይዝ አስተካክለዋለሁ።»
ደጋግሜ ሞከርኩት። ጨብጥ፣ ልቀቅ። ጨብጥ፣ ልቀቅ። ከኋላዬ ሌላ ደንበኛ ቆሟል... ይቁም።

ጥቅምት 13
መሪውንም ቀየርኩ። ሠሪው እንዳለው የሰውነት ክብደት ከእጅ ላይ መነሳት አለበት፤ ስለዚህ ከፍ ብሎ ወደ ነጂው የሚመለስ መሪ፣ መሪውን የያዘው አንገትም አጠር ያለ። እስከዚህ ደህና። ስፋቱ ላይ ግን ስስት አታለለኝ። ከሁሉ ሰፊውን አነሳሁ።
ቤት ስደርስ በበሩ አልገባ አለ። እኔ ስገፋ፣ ባለቤቴ ከውስጥ ቆማ ታየኛለች።
«የሚቆረጠው በሩ ነው መሪው?»
መግፋቴን ቀጠልኩ።
«ለወንድሜ መሆኑን አውቃለሁ። አዝነህለት ብትሰጠው አይነካውም። እንደለመድከው ስደበው።»
ገባችና እኛ ቤት ረስቶት የሄደውን ኮት ይዛ መጣች። «እንካ፣ በዚህ ልክ አስቆርጠው።»
እኔ ቀጫጫ፣ እሱ ቁም ሳጥን የሚያህል ሰውዬ። ይቺን ሴት በከንቱ አላገባኋትም።

ጥቅምት 14
ሠሪው ኮቱን መሪው ላይ ዘረጋ፣ በትከሻው ልክ ምልክት አድርጎ ግራና ቀኙን በመጋዝ ቆረጠ።
«ልብስ ሰፊ አደረጉኝ እኮ፣ አባባ።»
የኮቱ ባለቤት ዕድሜውን በልብስ ስፌት እንደጨረሰ ቢያውቅ...

ጥቅምት 17
ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ አማቼ ደጃፍ ድረስ በረርኩ። እግሩ ሥር ቀጥ።
«ባንድ እጄም እቀድምሃለሁ፣ አንተ ሽማግሌ።»
ብስክሌቱን ዞረው። መጨበጫውን በቀኝ እጁ ሳበ፣ ሁለቱንም ጎማ አየ። እንደገና ሳበ። ከዚያ መሪውን በስንዝር ለካ። የልብስ ሰፊ ዓይን እንዳለው እንዴት ረሳሁ?
«ይሄ ያንተ ትከሻ አይደለም።»
«ወፍሬ ነው።»
«የኔ ነው። ኮቴ የት አለ?»
አለቀልኝ አልኩ። አሁን በሩን ላዬ ላይ ይዘጋዋል። መሪውን እንደገና በጣቱ ለካ።
«ያ ኮት ትከሻው ላይ ይሰፋኛል። ሁለት ጣት አትርፈሃል። ልብስ ሰፊ ብትሆን በረሃብ ታልቅ ነበር።»
ሰደበኝ። ሰንሰለቱን የማይ መስዬ አጎነበስኩ፣ ፊቴን እንዳያይብኝ።

ጥቅምት 21
ሁሉንም ፈታትተን ወደ እሱ ብስክሌት አዛወርነው። የኔ መሪ አልባ ሆኖ የእሱን ግድግዳ ተደግፏል።

ጥቅምት 30
ገዢው መጣ። አማቼ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጧል፣ ግራ እጁ መሪው ላይ አርፏል።
«የሚሸጠው የቱ ነው?»
በአገጩ የኔን አሳየው። «ያ መሪ የሌለው። ባለቤቱንም መርቀን እንሰጥሃለን።»
ሰውዬው ግራ ተጋብቶ ሄደ። የድሮ መሪዬን፣ የድሮ ፍሬኔን ገጥሜ አማቼን ተከተልኩት። ዳገቱን እኔ ቀደምኩ። ቁልቁለቱን እሱ። ታች ስደርስ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይጠብቀኛል። ገና አፌን ሳልከፍት፣
«ሰበብ አልሰማም» አለኝ።
እኔ በሁለት ጤነኛ እጅ... እንዴት ቀደመኝ? ሠሪው ካርቶን ውስጥ ሌላ መጨበጫ ቀርቶ ይሆን?