ያልተገጠመችው ክዳን

ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጎሮ፣ አዲስ አበባ

ለእህቴ ለኢሊሊ፣

ኢሊዬ፣ ይህን ስታነቢ ሀጀር ሻርጃ ደርሳ በአፏ ነግራሽ፣ አልቅሰሽ፣ ምናልባትም ትንሽ ውሃ ጠጥተሽ ይሆናል። ከዚያ በፊት ደብዳቤውን እንዳትሰጥሽ አስምያታለሁ። ስለዚህ "እኛ ደኅና ነን" ብዬ አልጀምርም። ሦስት ወር ተኩል በስልክ ስልሽ ከርሜ ሰልችቶኛል።

ወንድማችን ጋዲሳ ያረፈው ጥር 26 ቀን ሰኞ ነው። ትርፍ አንጀት ነበር፤ ሐኪም ቤት ስናደርሰው ፈንድቶ ቆይቷል። በማግስቱ አባባ አጠገብ ቀበርነው። ሰው በጣም ብዙ ነበር። ከጉርድ ሾላ የሞተረኞቹ ልጆች ሞተራቸውን ሳያስነሱ፣ በእጃቸው እየገፉ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሸኙት። ያን ሁሉ ሞተር ያለ ድምፅ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

ለምን እንዳልተነገረሽ ትገምቻለሽ። በሦስተኛው ቀን አክስቴ አሰጋሽ ድንኳን ውስጥ ሰው ሰብስባ፣ "በሰው አገር፣ በሰው ቤት ላለች ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርም። ስትወድቅ ማን ያነሳታል? ነሐሴ ስትመጣ በወጉ በጠዋት ተሰብስበን እንነግራታለን" አለች። ሽማግሌዎቹም እውነት ነው አሉ። እኔም እውነት መስሎኝ ነበር። "ስልኩን አንተ ታነሳለህ ደቻሳ፤ የተማርክ ነህ፣ መልስ አይጠፋህም" አሉኝ።

መልስ አልጠፋኝም። የእማዬ ድምፅ ለምን ጎረነነ ስትዪኝ ጉንፋን ነው አልኩ። በቪዲዮ አሳየኝ ስትዪ ካሜራው ተሰብሯል አልኩ። የአርባው ዕለት ደውለሽ "የምን ጫጫታ ነው?" ስትዪ የዕድር ስብሰባ እኛ ቤት ነው አልኩሽ። "እማዬ የዕድር ዳኛ ሆነች እንዴ?" ብለሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ሰዎቹ ሁሉ ያዩኝ ነበር።

ጋዲሳን ለመደበቅ ግን አልተቸገርንም፤ እናንተው ተኳርፋችሁ ነበራ። መስከረም ላይ የአባባን ሞተር ብሎን በብሎን ፈትቶ፣ ላስቲክ ላይ ዘርግቶ ፎቶ ሲልክልሽ፣ "የአባባን ሞተር በታትነህ ለቆራሌው ልታስረክበው ነው! ተገጥሞ ካላየሁ አላናግርህም" አልሽው። እሱም "እንግዲያው አታናግሪኝ" አለ። ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር "ያ ደረቅ አሁንም እንዳኮረፈ ነው?" ትያለሽ። እኔም "እንዳኮረፈ ነው" እላለሁ። ከውሸቶቹ ሁሉ አብሮኝ የሚያድረው ይኼ ነው።

የፋሲካ ሰሞን በድምፅ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። "ለዚያ ደረቅ ንገረው፤ እኔ ትቼዋለሁ። ሞተሩን ባይገጥመውም ይደውልልኝ" ያልሽውን። መልስ ያልሰጠሁሽ ለዚህ ነው። ስልኩን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩና ከባልዲው አጠገብ አስቀምጬ መልእክትሽን ከፈትኩት። ሦስት ጊዜ። ሌላ የት እንደምወስደው አላወቅኩም።

ባልዲውን አታውቂውም፤ ከሄድሽ በኋላ የመጣ ነው። ጎሮ ገና ከብት በነበረበት ዘመን አባባ ከብት ሊያክም የሚወጣበትን ሞተር የሚያሳድርባት የቆርቆሮ ክፍል ትዝ ትልሻለች? ጋዲሳ እሷን ወርክሾፕ አድርጓት ነበር። የጉርድ ሾላው ጋሽ ፍትዊ የድሮ ሞተር እያደሰ ይሸጣል፤ ትልልቁን ነገር እሱ ቀለም ይቀባል። ብሎኑ፣ ዳዶው፣ ሞላው ግን ቀለም አይዝም፣ ሲፈታና ሲጠብቅ ይረግፋል። እነዚህን ዚንክ የሚያለብስለት ጋዲሳ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዘይቱ በሳሙና ይታጠባል፤ ቀጥሎ ዝገቱ በአሲድ ይበላል። መጽዳቱ የሚታወቀው በውሃ ነው፤ ሲያፈሱበት ውሃው እንደ ጨርቅ ከተዘረጋ ጸድቷል፣ እንደ ላብ ጠብታ ጠብታ ከሠራ ቅባት አለበትና ይመለሳል። ከዚያ በመዳብ ሽቦ አንጠልጥለሽ ባልዲው ውስጥ ያለው የዚንክ ውሃ መሀል ታወርጂዋለሽ፤ ግራና ቀኝ የዚንክ ሳህን አለ። በባትሪ ቻርጀር ኤሌክትሪክ ስትለቂበት ዚንኩ ከሳህኑ እየተነሳ ብሎኑ ላይ ይለብሳል። ካበዛሽበት ይጠቁራል። ሲወጣ ግራጫ ነው፤ በብሩሽ ስታሺው ያበራል። ከቀብሩ በኋላ አንድ ቀን የኬሚስትሪ መምህርታችን ረሆቦት ይህንኑ ሰሌዳ ላይ ስላ "ማን ያብራራልኛል?" አለች። ክፍሉ ውስጥ ከኔ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። እጄን አላወጣሁም። ካወራሁ ድምፄ የሱን አነጋገር ይዞ የሚወጣ መሰለኝ።

ከጸዳ በኋላ በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው። የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ዚንኩ በደንብ ስለማይዝ አሻራው ደብዝዞ ይታያል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ እነካለሁ፤ ጋዲሳም ይጮህብኝ ነበር።

"ደቹ! ጓንት አድርግ! ያንተ ጣት እኮ የዘይት ፋብሪካ ነው፤ አሥር ቤተሰብ ሽሮ ይሠራበታል።"

"የኔ አሻራ አይደለም።"

"የማን ነው ታዲያ? የዲያብሎስ?"

ሁልጊዜ እንዲህ ነበርን።

ኢሊዬ፣ አሁን የምጽፍልሽን ለማንም አልተናገርኩም። ቅዳሜ ጥር 24 ሆዱን ይዞ፣ ጎብጦ ነበር የሚሠራው። ጨጓራ ነው አለ። ታውቂያለሽ፣ እኛ ሰፈር ሆዱን ያመመው ሁሉ ጨጓራ ነው። "ለእማዬ እንዳትነግር፤ ሐኪም ቤት፣ ጠበል እያለች ቀኔን ታበላሽብኛለች" አለኝ። እሺ አልኩ። እሁድ ላብ እያጠመቀው እዚያችው ክፍል ጣውላ ላይ ተጋድሞ ዋለ። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። በመካከላችን የነበረው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ የምስሩ ድምፅ ሳፋው ላይ ይሰማኝ ነበር። አልነገርኳትም። የጮህኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ሐኪሙ ለእማዬ "ቅዳሜ አምጥታችሁት ቢሆን" ሲላት አጠገቧ ቆሜ ነበር።

እሱ ዝም በል ሲለኝ ዝም አልኩ። ከዚያ አክስቴ አሰጋሽ ስላንቺ ዝም በል አለችኝ፤ አሁንም እሺ አልኩ።

ከአርባው በኋላ ጋሽ ፍትዊ መጣ። ክፍሉን የከፈተ ሰው አልነበረም። ሞተሩ እንደተፈታ ነው፤ ዕቃዎቹ በትንንሽ ፌስታል ተቋጥረው፣ ላያቸው ላይ በጋዲሳ ጠማማ ጽሕፈት "የመሪ"፣ "የኋላ ጎማ"፣ "የፍሬን" ይላል።

"ይህን ማን ሊገጥመው ነው?" አለ ጋሽ ፍትዊ።

"እኔ።"

"ኬሚስትሪ ስንት አመጣህ?"

"ሃምሳ ሁለት።"

"ይበቃል። ወንድምህም ከዚያ አያልፍም ነበር።"

እንዲህ ጀመርን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ብሎኑን አጥባለሁ፣ አንጠለጥላለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ ፍትዊ መጥቶ ይገጥማል። የመጀመሪያዎቹን አቃጠልኳቸው፣ እንደ ከሰል ሆነው ወጡ። እሱ ግን "ጋዲሳም አንድ ባልዲ ሙሉ አቃጥሎ ነው የለመደው" አለኝ እንጂ አላፌዘብኝም።

ከፌስታሎቹ አንዷ ላይ ምን ተጽፎ እንዳገኘሁ ልንገርሽ። "ኢሊሊን ልጠይቅ" ይላል። ውስጡ አንድ ትንሽ ሞላ አለ፤ ከየት እንደተፈታ ጠፍቶበት ነው። ልጅ ሆነሽ አባባ ሞተሩን ሲፈታ ብሎን የምታቀብዪው አንቺ ነበርሽና ታውቂያለሽ ብሎ ነው። እንግዲህ ሊደውልልሽ ነበር ማለት ነው። ደግሞም አንድ ቀን ብሎን በብሩሽ ሲያሽ "ነሐሴ ኢሊሊን ከቦሌ በዚህ ነው የማመጣት፤ ሻንጣዋ በታክሲ ይምጣ" ሲል ሰምቼዋለሁ። አኩርፎሽ አልነበረም። እኔ ነኝ አኩርፏል ያልኩሽ።

ባለፈው ቅዳሜ ከዚያ ሞላ ሌላ የቀረችው አንዲት ክዳን ነበረች። ባትሪው ጎን የምትገጠም፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ የምታህል። ጋዲሳ ራሱ የለበጣት የመጨረሻዋ ናት። ጋሽ ፍትዊ ወደ ብርሃን ይዞ ሲያገላብጣት መሀሏ ላይ አውራ ጣት ቁልጭ ብሎ ታየ።

"ተበላሽታለች። አሲድ ውስጥ ጣላትና እንደገና እንለብጣታለን፤ ግማሽ ሰዓት ነው።"

ተቀብያት አሲዱ ጋ ሄድኩ። ቆምኩ። "ጋሽ ፍትዊ፣ የጋዲሳ ጣት ነው" አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው።

"ትዛግ እንግዲያ" አለ።

ያን ቀን ቆረጥኩ። የተደበቀ ነገር መሸከም አቃተኝ። ሀጀር ለዕረፍት መጥታ የመጨረሻ ሳምንቷ ነበር፤ በእናቷ በእትዬ መኪያ በር ላይ ጠበቅኳትና "ሻርጃ ስትመለሺ ለኢሊሊ አንቺ ንገሪያት" አልኳት።

"እኔ? ደቻሳ፣ እኔ እኮ መርፌ ስወጋ ክሊኒኩን የማፈርስ ሰው ነኝ!"

"ታቅፊያታለሽ?"

"እሱንማ አቅፋታለሁ።"

"ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ከዚያ ለእማዬ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። "ስትሰማ አጠገቧ ማን አለ?" ብቻ አለች። ሀጀር አልኳት። ተነስታ ሳጥኗን ከፍታ ጥቁር ሻሽና ጥቁር ነጠላ አወጣች፣ አጠፈች፣ በጨርቅ ጠቀለለች። "ይዛላት ትሂድ። አሰጋሽን እኔ አናግራታለሁ" አለች። ስትዞር አይቻታለሁ፤ ትከሻዋ የሆነ ነገር ያራገፈ ይመስል ነበር። እሷም አንቺን መዋሸቱ ከብዷት ኖሯል። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ቀና ብላ እስኪጠፋ ድረስ ታየዋለች፤ ለቅሶው ከመጣ ወዲህ ብሶባታል። እኔም ማየት ጀምሬያለሁ።

የእሁዱን ግን ለእማዬ ገና አልነገርኳትም። ልንገራት ወይስ አልንገራት፣ አንቺ አንብበሽ ንገሪኝ። ብትቆጪኝም ደውዪልኝ፤ ስልኩን አነሳለሁ፣ ካሜራውም ደኅና ነው።

ሞተሩ ተገጥሞ በጎማው ቆሟል። ጋሽ ፍትዊ አንዴ እናስነሳው ሲለኝ እምቢ አልኩ፤ ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንዱ ያ ሞላ ነው፤ ቦታውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሌላዋ ክዳኗ ናት፤ እሷን በጨርቅ ጠቅልዬ ለሀጀር ሰጥቻታለሁ። ነሐሴ ይዘሻት ነይና በራስሽ እጅ ግጠሚያት። በሞተር ከቦሌ የሚያመጣሽ የለም፤ መንጃ ፈቃድ የለኝም። ግን በታክሲ መጥቼ እወስድሻለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን ጥር 24 ቅዳሜ ጋዲሳ ክዳኗን ከባልዲው ሲያወጣት አሻራውን አይቶ "ደቹ፣ ይቺ የማን ጣት ናት?" አለኝ። እንደ ልማዴ "የኔ አይደለችም" አልኩ። "እንግዲያ የኔ ናት፤ ሆዴ ዛሬ ጓንት አስረስቶኛል" ብሎ ሳቀና ለብቻ አኖራት። ሁለታችንም ነክተናት ነበር። ትምህርት ቤት አጉሊ መነጽር አለ፤ ከኔ አውራ ጣት ጋር ማስተያየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አልወሰድኳትም። አንቺም አታስተያዪያት።

እማዬ እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ ብላለች፦ "ብቻሽን አታልቅሺ፤ ግማሹን ለኔ አስቀምጪልኝ። ወንድምሽን የወሰደ አምላክ አንቺን በሰላም ያምጣልኝ።" እኔም አሜን ብያለሁ።

ክዳኗን ከጨርቁ ስታወጪ ግን ኢሊዬ፣ ጓንት አድርጊ።

ወንድምሽ
ደቻሳ ጀቤሳ