ጉዳዩ፦ አዋላጃችንን በውሰት ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የተራራው ሪዞርት የስፓ ክፍል ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የከተማችንን ጤና ጠቅልለው ወደ ላይ ስለወሰዱት የእርስዎ እንደማይጓደል እገምታለሁ። እኔ ሠራተኞችዎን ከሩቅ አምጥቼ የማወጣልዎ፣ ጥቂት ቆይቼም እነዚያኑ መልሼ የማወርድልዎ የሚኒባስ ሾፌር ነኝ። በርዎ ያለ ቀጠሮ ስለማይከፈት ደብዳቤዬን በአደባባይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። መሪው ላይ አስደግፌ፣ በየመስመሩ ስልኬን እያየሁ ስለምጽፍም ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ባለቤቴ ወሯ ገብቷል።

አንደኛ፣ ሠራተኛ አልበረክትልዎ ብሎ መቸገርዎን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጆቹ ሲወጡ ተራራውን በስልካቸው እያነሱ ይዘፍናሉ፤ ሲወርዱ አንገታቸውን ደፍተው ይተኛሉ። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ መስኮት በሌለው ክፍል አጭቀው ማሳደርዎ፣ የእንግዶች ገንዳ ሌት ተቀን ሲሞቅም የእነሱ መታጠቢያ ጥርስ ማንቀጫቀጩ፣ ፍቅራቸውን ለማጠንከር ታስቦ እንደሆነ ይገባኛል። እነሱ ግን አልገባቸውምና እግሬ አውጪኝ ይላሉ። ለእኔ ደርሶ መልስ ስለሆነልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና፣ የሩቁ ሰው አልበረክት ሲልዎ ከእኛው ሰፈር መልቀም ጀመሩ። መጀመሪያ ጸጉር አስተካካያችንን ወሰዱ፤ ጎፈሬያችንን አሳድገን ሳቅን። ቀጥሎ ሊጥ ያቦካ እጅ ጭቃ አያቅተውም ብለው፣ የእንግዶች ፊት ላይ የሚቀባውን ጭቃ እንዲያቦካ ዳቦ ጋጋሪውን ወሰዱ፤ አሁንም ሳቅን። ከዚያ እጇ ለስላሳ ነው ተብሎ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ማሳጅ ቤትዎ ገባች፤ ጤና ጣቢያውም ተቆለፈ።

ሴትዮዋን አልወቅስም፤ ልጆቿ እንደ ማንም ልጅ ይርባቸዋል። እርስዎ ደረቷ ላይ “ጽጌረዳ” የሚል ስም ለጥፈውላታል፣ እኛ ግን እትዬ እንላታለን። የመጀመሪያ ልጃችን በእግሩ ሲመጣ አባብላ ያወጣችው እሷ ናት። ይህችን ሴት አንዲት የትናንት ልጅ አተነፋፈስ እንዳሠለጠነቻት ስሰማ፣ “ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች” የሚለው ተረት በመጨረሻ ሥራ አገኘ አልኩ። ሥልጠናው ግን በደንብ አልያዛትም መሰለኝ፤ በቀደም የአንድ ወፍራም ባለጸጋ ጀርባ ስታሽ ሰውየው ማቃሰት ቢጀምር፣ አፏ የእጇን ልማድ ተከትሎ “በርቺ እህቴ፣ ግፊ፣ ጭንቅላቱ ታይቷል” ብላዋለች አሉ። ሰውየው ቅሬታ አስገባ፣ እሷም የጸጥታ ሥልጠና ተጨመረላት።

ሦስተኛ፣ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ጸጥታዎ ነው። ሠራተኛ ሥራ ሲገባ ስልኩን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ እንዲገባ ደንግገዋል። እትዬ “ምጥ ሲጀምራት ብቻ ደውልልኝ፣ ጫማዬን ሳላጠልቅ እመጣለሁ” ብላኛለች፤ እኔ ግን የምደውለው ለሳጥን ነው። በርዎ ድረስ ተመላልሼ፣ ስልኳ ድምፁ ተዘግቶ ኪሷ ውስጥ እንዲቀመጥ ብቻ ለመንኩ። ዘበኛው ያለ ቀጠሮ ማንም አይገባም አለኝ፣ እርስዎም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ሆስፒታሉ ከተራራው ግርጌ ማዶ ነው፤ መንገዱን በየቀኑ ስለምነዳው ጤነኛው እንኳ ቁና ቁና እየተነፈሰ እንደሚወርድበት አውቃለሁ። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ባለቤቴ እንዳልፈራ ብላ ትስቃለች፣ እሱ ደግሞ ይብስ ያስፈራኛል።

አራተኛም ነበረኝ፤ ስልኬ ሲጮህ ከአእምሮዬ ጠፋ። ባለቤቴ ናት፣ ስትመጣ ሽንኩርት ያዝ ልትለኝ ነው። እኔ ግን ሞተሩን አስነስቼ ነበር።

በአዋላጇ ምትክ ለጤና ጣቢያው ጥሩ ጥሩ የሚሸት ሻማ በካርቶን መላክዎን ግን ሳላመሰግን አላልፍም። ከእጅ አይሻል ዶማ ቢሆንም፣ ከተቆለፈው በር ስር ደስ የሚል መዓዛ ይወጣል።

ገንዳዎ አይቀዝቅዝ፣ የእንግዶችዎ ወገብ አይጠንክር፣ እርስዎም በጨነቀዎ ጊዜ ደውለው ስልክ የሚያነሳልዎ አይጡ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የሠራተኞችዎ ጫኝና አውራጅ፣
የሁለተኛ ልጁን መንገድ ጠባቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያለ ቀጠሮ አይገባም በተባልኩት መሠረት፣ እንግዳ መቀበያዎ ደውዬ በባለቤቴ ስም ቀጠሮ ይዣለሁ። ልጅቷ የትኛውን አገልግሎት እንደምንፈልግ ብትጠይቀኝ ሙሉ ሰውነት፣ በጽጌረዳ እጅ አልኳት። ለስንት ሰው ብትለኝ፣ ስትገባ ለአንድ፣ ስትወጣ ለሁለት አልኳት። ሙቅ ውሃና ንጹሕ ፎጣ እንደልብ መኖሩን አረጋግጣልኛለች። ስለ ጸጥታው ግን ቃል መግባት አልቻልኩም።