ለዐብዱልከሪም የደረሰው ካርድ

አበቡ፣

ለወንድሜ ሠርግ ወደ ቤት ሄጃለሁ። ቁልፉ አከራያችን ዘንድ ነው። ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለልሽ፣ አሙቀሽ ብዪ።

ፊት ለፊት ብንነጋገር እንጣላለን፣ ስለዚህ ልጻፈው። «ፐርል የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ መማር ጀምሬያለሁ፣ የጥሪ ካርዱን ስሞች እኔ ላስተካክል» አልሽ። እሺ አልኩሽ። ከፈረንጅ መጽሐፍ የገለበጥሽው መስመር ይኸውልሽ፦

s/(\S+) (\S+)/$2 $1/

የፊተኛውን ቃል ወደ ኋላ፣ የኋለኛውን ወደ ፊት ያዞራል። ለፈረንጅ ሸጋ ነው፣ የቤተሰቡን ስም ያስቀድማል። የእኛ ሰው ሁለተኛ ስሙ ግን አባቱ ነው! ልጆቹን ትተን አባቶቻቸውን ጠራን። ግማሾቹ አፈር ከለበሱ ቆዩ።

ምነው ከማተምሽ በፊት አንዴ እንኳ ብታነቢው?

እኔም ሳላይ ማደሌ...
ተይው።

ለጎረቤታችን ልጅ ለናስር ዐብዱልከሪም ያልነው ካርድ «ለዐብዱልከሪም ናስር» ተብሎ ደረሰ። እናቱ እትዬ ራቢዓ ባላቸውን ከቀበሩ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ካርዱን አገላብጠው አዩና፣ «እሱ የሚመጣ ከሆነማ እኔም አልቀርም» አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መስመሩን አጥፊና ሁሉንም እንደገና አትሚ። ባዶ ካርዶቹ አልጋዬ ሥር ናቸው። አንቺው ራስሽ ይዘሽ ነይ፤ ያላንቺማ ምን ሠርግ አለ።

ለናስርም አዲስ አትሚለት። የተሳሳተውን ግን እትዬ ራቢዓ አልመልስም አሉ። ከባላቸው ፎቶ ጎን ሰክተውታል።

ፈህሚያ