ሩብ ሚሊሜትር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ከጋራዡ ደጃፍ

ለማልጠግብሽ እናቴ፣

ይህን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ አክስቴም ውሃ ይዛ አጠገብሽ ትቁም። በቤታችን ከባድ ነገር ደርሷል። ሆዱ ተከፍቶ፣ አንጀቱ መሬት ላይ ተዘርግቶ...

አባዬ አይደለም፣ አትደንግጪ። እሱ እንደ በሬ ይበላል። የዳቦ ማመላለሻ መኪናሽ ሞተር ነው የወረደው።

"ሞተሩን የጨረስሽው አንቺ ነሽ፤ ሁለተኛ መሪ አትጨብጪም" አባዬ ሲልሽ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውረሽለት አክስቴ ቤት ሄድሽ አይደል? በነጋታው ራሱ ይፈታታው ጀመር። ብረት የሚቆርጠው የቶርኖ ባለሙያ፣ ፒስተን የሚመላለስባቸውን ሲሊንደሮች ለክቶ ሦስተኛው ተጭሯል አለ።

"አንድ ሙሉ ሚሊሜትር እናስፋውና ትልቁን ፒስተን ከተን እንገላገል።"

"ሩብ ይበቃል" አለ አባዬ።

"ጭረቱ በሩብ ባይጠፋስ? የምትገዛው ፒስተን የቤት ጌጥ ሊሆን ነው። ለመሆኑ ማነው የሚነዳው?"

"ባለቤቴ።"

እኔን ሳል ያዘኝ።

"ነዳጅ ትረግጣለች?"

"ትረግጣለች። እስክታረጅ ትረግጣለች። ስለዚህ ብረቱን አሁን አትጨርስብን፤ ገና ሁለት ሦስቴ እያሰፋን እናሳድሰዋለን።"

ፒስተኖቹ መጡ። ፒስተን ሳይለካ ሲሊንደር አይነካም፤ እኔ ደግሞ ያው እኔ ነኝ፣ አንዷን ወስጄ በሩ ኋላ በተሰቀለው ኮትሽ ኪስ ከተትኳት። ቤቱን ሲያምስ ልስቅበት ሻይ ይዤ ተቀመጥኩ። ሻዩ ሳይበርድ ፒስተኗን ይዞ ከች አለ።

"ኮቱ ኪስ ውስጥ መፈለግ እንዴት መጣልህ?"

"እጄን ኪሱ የከተትኩት ፒስተን ፍለጋ አልነበረም" ብሎ ፊቱን አዞረ።

እማዬ፣ ሻዬን አንስቼ ለእሱ ሰጠሁት።

ጭረቱ በሩብ ጠፋ። ጣቴን ባሳልፍበት ምንም አይነካኝም። ሞተሩ ተገጥሞ ያለ ጭስ ይሠራል፤ የሹፌሩ ወንበር ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም። ቁልፉም እዚያው የወረወርሽበት አለ። አባዬ ጠረጴዛውን ሲወለውል ቁልፉን ሳይነካ በዙሪያው ዞሮ ያልፋል።

ወገብሽን አይመምሽ፣ ሳቅሽን አያጉድልብን፣ መንገዱን ሁሉ አረንጓዴ መብራት ያድርግልሽ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ከባድ ዜና ቢመዘን ሩብ ሚሊሜትር ነው። ክፍልፋይ አልገባ ብሎኝ ከትምህርት ቤት የወጣሁት እኔ እንኳ ይቺ አልጠፋችኝም፤ ለሩብ ሚሊሜትር ሰው እህቱ ቤት አይከርምም።

ምላሰኛዋ ልጅሽ